የሌንጫ ዋና

ድርቤ ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ የበሬ ቅልጥም ታወዛውዛለች። ሌንጫ ዳር ላይ ተቀምጦ ዛፍ ያያል።

ቅልጥሙን ሳያየው ቀርቶ አይደለም። ከቤት ከወጡ ጀምሮ አፍንጫው ከፌስታሉ አልተለየም ነበር። ውሃው ጋ ሲደርሱ ግን፣ ሰው በማያገባው ጠብ መሀል ሲገኝ እንደሚያደርገው፣ ፊቱን በትህትና ወደ ሌላ አዞረ።

«ኮቱ፣ ሌንጫ» አለችው፤ ና ማለቷ ነው። ሌንጫ አንድ ጆሮውን ብቻ ወደ እሷ መለሰ። «ና እንጂ የኔ ጌታ። እይ፣ እኔም ገብቻለሁ።»

መግባቷስ ገብታለች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ድርቤ ራሷ ውሃ የምታውቀው በባልዲ ነው። ጉቴ ከተማ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሻይና ፓስቲ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት ዋና የምትማርበትን ጊዜ ከየት ታመጣለች? አሁንም የሚያዳልጠውን ድንጋይ በእግሯ ጣቶች ለመጨበጥ እየሞከረች፣ ፊቷ ላይ ግን ውሃ ውስጥ መቆም የዓመት በዓል ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ለማስመሰል ትጣጣራለች። ውሻ እንዲህ ባለው ነገር አይታለልም።

የለበሰችው የድሮ የመዘምራን ቀሚስ ነው፤ ነጭ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ እጀ ሰፊ። የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ሰማያዊውን ካሰፉ ወዲህ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ውሃ ውስጥ የማይገለብና የማያጋልጥ ከባድ ልብስ ስትፈልግ ከእሱ የተሻለ አላገኘችም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በበቆሎው ነው። የድርቤ ማሳ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ማዶ ማሳ ያላቸው ጎረቤቶች በቆሎው እሸት ሲይዝ ጦጣ በተራ ይጠብቃሉ፤ ደንባቸውም ቀላል ነው፤ ከየቤቱ አንድ ነፍስ። ሰው ያለው ሰው፣ ሰው የሌለው ውሻ ያሰልፋል። አንድ ማሳ ጠባቂ ካጣ ጦጣው በዚያ ገብቶ የሁሉንም ስለሚያጠፋ፣ ነፍስ ያላመጣ ቤት መሬቱን ለሚጠብቅለት ሰው የእኩል ይሰጣል። የድርቤ ልጆች ከነቀምት ወዲያ ተበትነዋል። ባሏ ቀነአ ባለፈው በጋ ሞቷል። እሷ ራሷ ሻይዋን ትታ ማሳ ላይ መዋል አትችልም፤ የቀራት ነፍስ ሌንጫ ነው።

ሌንጫ በኦሮምኛ አንበሳ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ቀነአ ነበር፤ ያወጣለትም አንድ ጨካኝ ሰው በጆንያ ቋጥሮ ወንዝ ውስጥ ከጣለው በኋላ፣ ቀነአ ጆንያውን ጎትቶ ሲፈታው ከውስጥ የወጣው እርጥብ ቡችላ እጁን ሊነክሰው ስለሞከረ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌንጫ ጦጣም ጅብም አይፈራም። ውሃ ሲያይ ግን ዛፍ ማየት ይጀምራል። ቀነአ ወደ ማሳው ሲሄድ በግንዱ ድልድይ ላይ በትከሻው ተሸክሞ ያሻግረው ነበር። አገር ሁሉ አይቷል፤ የቆጠረው ግን ከፍቅር ነው።

ነሐሴ ላይ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። ድርቤ ውሻውን በአስፋልቱ ድልድይ አዙራ ወስዳ ማሳው ላይ አሰረችው። ጦጣዎቹ የገመዱን ርዝመት ከራሱ ከሌንጫ ቀድመው አወቁ፤ ከጫፉ አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠው እሸት ፈለፈሉ። በሌላ ቀን ፈታ ለቀቀችው። ያን ዕለት ፊቱን ወደ ቤት፣ ጀርባውን ወደ ጦጣ አድርጎ ወንዙ ዳር ሲያላዝን ዋለ። ዋና ካልቻለ ብቻውን እንደማይመላለስ የገባት ያኔ ነው። የጎረቤቷን የኢቢሳን ዋናተኛ ውሻ ደግሞ አርአያ እንዲሆነው ተውሳ አመጣች። የኢቢሳ ውሻ ወዲያና ወዲህ ሲዋኝ ሌንጫ ከዳር ሆኖ በጩኸት አበረታታው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እኩለ ቀን ላይ የተራው አለቃ ኦቦ ዋቅወያ ማዶ ዋርካው ስር ተራ ያወጣሉ። የቀነአ ወንድም ደረሳ ሳምንቱን ሙሉ እየመጣ «ድርቤ፣ ውሻውን ለምን ታሰቃዪዋለሽ? ማሳውን እኔ እይዝልሻለሁ» ሲላት ሰንብቷል። ደረሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሰው ችግር ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። ድርቤን ያንገበገባት የእሸቱ እኩሌታ አልነበረም። ማሳው መሀል ቀነአ በገዛ እጁ የሠራው ማማ አለ። እዚያ ማማ ላይ ሌላ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ማየት አትችልም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ከሌንጫ በስተቀር።

«ስማ» አለችው አሁንም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ቢኖር ተሸክሞ ያሻግርህ ነበር። እኔ ጉልበቴ አይችልም። ምን ላድርግህ?»

ሌንጫ አዛጋ። ድርቤ ተናደደችና ወደ ኋላ እየተራመደች እስከ ወገቧ ገባች፤ ቀሚሱ ውሃ ጠጥቶ ሰውነቷ ላይ ተለጠፈ። መዝሙሩ የተሰማት ያኔ ነው።

ይህን ስፍራ የመረጠችው ወንዙ እዚህ ጋ ሰፋ ብሎ ስለሚረጋ ነው። በዚያው ምክንያት የመረጡት ሌሎችም እንዳሉ ረስታ ነበር። የድርቤ ቤተ ክርስቲያን የሚያጠምቀው በሕፃንነት፣ ውሃ ግንባር ላይ ረጭቶ ነው። ወንዝ አውርደው፣ ሰውየውን እስከ ፀጉሩ አጥልቀው የሚያጠምቁት ከላይ ካለው መንደር ያሉት ናቸው፤ እነሱ እያጨበጨቡ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከፊት ያሉት ተጠማቂዎች ነጭ ለብሰዋል፤ ረጅም፣ እጀ ሰፊ ነጭ።

ድርቤ ልትወጣ አሰበች። ግን በዚህ በተለጠፈ ቀሚስ በሕዝብ ፊት እንዴት ይወጣል? እስኪያልፉ ብላ እስከ አንገቷ ዝቅ አለች። እነሱ ግን የሚያልፉ አልነበሩም።

ወንጌላዊው ጋሩማ ይባላል። ከአኖ የመጣ አዲስ ሰው ነው፤ ተጠማቂዎቹን ገና በመልክ አልለያቸውም። ውሃው ውስጥ ነጭ ለብሳ የምትንቀጠቀጥ እናት ሲያይ ፊቱ በራ።

«ተመስገን» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ሌሎቻችን መንገድ ላይ ሳለን ቀድማ የገባች ነፍስ አለች።» ሕዝቡ እልል አለ። ወንጌላዊው ከነሱሪው ገባና አጠገቧ ቆሞ ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቃት። «እናቴ፣ ጌታን ያምናሉ?»

እንዴት ብላ አላምንም ትበል? «አምናለሁ» አለች። ቀጥላም «ግን ወንጌላዊ፣ እኔ...» ልትል አፏን ስትከፍት እሱ እጁን ግንባሯ ላይ አድርጎ መጸለይ ጀመረ።

በዚያ አገር ጸሎት የጀመረ ሰው አይቋረጥም። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ አሜን ይባላል። ድርቤ እንደ ወጉ ዐይኗን ጨፈነች፤ አሜን እስኪል ልትጠብቅና ያን ጊዜ የውሻውን ነገር በጨዋ ደንብ ልታስረዳው። ጸሎቱ ረዘመ። ለአገር ሰላም ጸለየ፣ ለዝናቡ ጸለየ፣ ለሕመምተኞች ጸለየ። በየመሀሉም ከልቧ «አሜን» አለች፤ መቼም ለዝናብ ሲጸለይ ዝም አይባልም። የመጨረሻው አሜን ከማጥለቁ ጋር አብሮ እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገራትም።

ሌንጫ ያየው እንዲህ ነው፤ አንድ የማያውቀው ሰው ድርቤን ጀርባዋን ደግፎ ወደ ኋላ አጋደማት፣ ውሃ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ድርቤ የለችም። ያ ጆንያ ትዝ ይበለው አይበለው ማንም ሊያውቅ አይችልም። ዛፉን ማየት ግን ተወ።

ድርቤ ቀና ስትል መጀመሪያ እልልታ ሰማች፤ ቀጥሎ የወንጌላዊውን «ዋቃዮ፣ አምላኬ!» የሚል ጩኸት። ሌንጫ በግራ እጅጌው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አራት እግሮቹ ውሃውን ይቀዝፋሉ። ተጠማቂዎቹ ወደ ዳር ሸሹ።

«ልቀቅ፣ ሌንጫ! የእግዚአብሔር ሰው ነው» አለች ውሃ እየተፋች። ሌንጫ እሷ መሆኗን አሽትቶ አረጋገጠና ለቀቀ።

«ይህ ውሻ የማን ነው?» አለ ጋሩማ፣ የተቀደደ እጅጌውን እያየ።

«የኔ ነው። ወንጌላዊ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የመጣሁት እሱን ዋና ላስተምር ነበር። ጥምቀት በልጅነቴ ተጠምቄያለሁ።»

ወንጌላዊው እጅጌውን ለቀቀ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጸሎት ላይ ነበሩ» አለች ድርቤ።

ሌንጫ በዚህ መሀል የራሱን ነገር ሲመረምር ቆየ። እግሩ መሬት አልነካም፤ ሆኖም አልሰጠመም። ወደ ግራ ቀዘፈ፤ ሄደ። ወደ ቀኝ ቀዘፈ፤ ሄደ። ከዚያ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወንዙን ይዞር ጀመር። ድርቤ ቅልጥሙን አሳየችው፤ ገልመጥ አድርጎት አለፈ።

ማዶ ዋርካው ስር ኦቦ ዋቅወያና ሌሎቹ ሁሉንም አይተዋል። «ዋኘ እኮ!» አለች ድርቤ ወደ እነሱ ዞራ።

«ዋኘ» አለ ደረሳ ከዚያው። «ግን አልተሻገረም። ውሃ ውስጥ የሚውል ውሻ በቆሎ አይጠብቅም።»

ኦቦ ዋቅወያ ከዘራቸውን ተደግፈው አሰቡ። «ደንቡ ማዶ የደረሰ ነፍስ ነው፣ አዴ ድርቤ» አሉ በሐዘኔታ። ድርቤ ተጣራች፣ ለመነች፣ ተሳደበች። ሌንጫ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለዘመናት የቀረበትን ዋና ዛሬ በአንድ ቀን ሊያካክስ የፈለገ ይመስላል። ድርቤ ቀና ብላ ማሳዋን ስታይ ደግሞ በቀነአ ማማ ላይ አንድ ትልቅ ጦጣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ እሸት ይበላል።

ደረሳ ቢሆን ይሻል ነበር። «ወንጌላዊ» አለች፣ «እጄን ይያዙኝ።»

ጋሩማ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ውሃው ደረቷ ደረሰ፣ ብብቷ ደረሰ። ፈራች፤ በጣም ፈራች፤ ድንጋዩ እግሯን በከዳት ቁጥር የወንጌላዊውን እጅ እስኪያመው ጨበጠችው። ሕዝቡ ምን እየሆነ እንዳለ ባያውቅም ለመንገድ የሚሆን መዝሙር አወጣ። ማዶ ስትወጣ ከቀሚሷ ውሃ እየፈሰሰ፣ ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ፣ በደረሳ አጠገብ አልፋ በቆሎው ውስጥ ገባች። ማማው ስር ቆማ ቀነአ ጦጣ የሚያባርርበትን ጥሪ ጠራች፤ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ረጅም «ሆ...ዬ»። ልትጠራው እንደምትችል አታውቅም ነበር።

ወንዙ ውስጥ ሌንጫ መቅዘፉን አቆመ። ያንን ድምፅ ከበጋው ወዲህ አልሰማውም። ወደ ማዶ ቀዘፈ፣ ወጣ፣ ደረሳ ላይ ተራግፎ ሮጠ። ገመድ ያለው ውሻ ለምደው የነበሩት ጦጣዎች እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አላመኑም። ከዚያ ግን እሸቱን እየጣሉ በጫካው አቅጣጫ ተበተኑ። ሌንጫ ማሳውን ዞረ፣ ማማውን አሸተተ፤ ከላይ ማን እንዳለ ለማየት ቀና አለ። የነበረችው ድርቤ ነበረች። አልቅሳለች፤ ግን ፊቷ ሁሉ እርጥብ ስለነበር ማንም አላወቀባትም።

ኦቦ ዋቅወያ ቀስ ብለው መጡ። «ደንቡ አንድ ነፍስ ነበር» አሉ፤ «ከዚህ ቤት ሁለት ተሻግሯል። የዛሬው ተራ የእናንተ ነው።»

«እኔ እኮ ለውሻው አስቤ ነው» አለ ደረሳ ሱሪውን እየጨመቀ።

ድርቤ ተራዋን ማማው ላይ ዋለች። ወንጌላዊው ተጠማቂዎቹን አጥምቆ እጁን አውለብልቦላት ሄደ። ወሬው ጉቴ እንደደረሰ አልተጠራጠረችም፤ ነገ እሑድ መዘምራኑ መሀል ስትቆም ማን ማንን ጎሸም እንደሚያደርግ ከአሁኑ ታያት። ቀሚሱ ላይዋ ላይ ደረቀ። ጎረቤቶቿም አንድ በአንድ እየተሻገሩ ወደየቤታቸው ገቡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከማማው ወርዳ ወንዙ ዳር መጣች። የሚይዛት እጅ የለም። አስፋልቱ ድልድይ ሩቅ ነው፤ በዚያ ብትዞር ሳይመሽ ቤቷ አትደርስም። ሌንጫ ሳትነግረው ገባ። ትንሽ ከቀዘፈ በኋላ እንዳልተከተለችው አወቀና ተመልሶ መጣ። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ፣ ዐይኑን ከዐይኗ ሳይነቅል ጠበቃት።

ድርቤ ፊቷን አዞረችና ዛፎቹን ማየት ጀመረች።