አፍንጫ ሳይዘጋ

«ታኒ፣ እባክሽ ያንን መሐረብ ወደዚያ አርቂልኝ» አለች ሮዜታ።

አክስቷ ታኒ ሚና ሽቶ ያርከፈከፈችበትን መሐረብ እንደዘረጋች ቀረች። ወንድሟ ኢሳክ ሰኞ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ከሰው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጎረቤቱ ይመጣል፣ ይዘምራል፣ ቡናና ደረቅ ብስኩት ቀምሶ ይሄዳል። የሟቹ ልጅ ሮዜታ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፤ ይቀልልሻል።»

«አርብ አለቅሳለሁ።»

«ለለቅሶም ቀጠሮ ይያዛል እንዴ?»

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። «የአባቷ ልጅ አይደለች? እሱስ ሚስቱን ሲቀብር መች ዓይኑ ራሰ» አለች አንዷ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ የታሰበለት ጆሮ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም፤ ሮዜታ ሰማች።

ውሸት አላሉም። ኢሳክ በደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ ካሉት ወይን ጠጅ መጥመቂያዎች በአንዱ አርባ ዓመት ቀማሽ ነበር። ሲቀምስ ሲተፋ ኖረ እንጂ አንድ ጉንጭ አልዋጠም፤ የገዛ አባቱን መጠጥ ነበር የበላበት። ሮዜታንም ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። «የወይኑን ድብልቅ ለዛሬ አትቅመሺው፤ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ለሚጠጣው ሰው ቅመሺለት» ይላት ነበር። እናቷ የተቀበረች ዕለት፣ ሮዜታ ያን ደረቅ ዓይኑን አይታ «አንተ ሰው አይደለህም» አለችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እሱ አልመለሰላትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችውም። ይኸው እስከ ሰኞ ድረስ እንደዚሁ ኖሩ።

አሁን የዘንድሮውን ድብልቅ ሳይጨርስ ሞተ። ካቤርኔና ሜርሎ የተባሉት የወይን ዓይነቶች ተለክተዋል፤ የሦስተኛው፣ የፒኖታዡ መጠን ብቻ ቀርቷል። አዲሱ ምርት በርሜሎቹን ስለሚፈልግ ሮዜታ እስከ አርብ ልትጨርስለት ይገባል። ያለቀሰ ሰው ደግሞ አፍንጫው ይዘጋል፤ አፍንጫው የተዘጋ ሰው ወይኑን ከኮምጣጤ አይለይም። ሮዜታ እንባዋን አንቃ የያዘችው ለዚህ ነበር።

አርብ ጠዋት የአባቷ የሥራ ባልደረባ፣ ሽማግሌው ኦም ፍሎርስ፣ መጥመቂያው ውስጥ ሦስት ብርጭቆ ቀድቶ ጠበቃት። ፒኖታዥ ያልነካው የመጀመሪያው ለስላሳ ነው፤ ምላስ ላይ ሳይቆይ ይሄዳል። ሁለተኛው ትንሽ ይሻላል። ብዙ የገባበት ሦስተኛው ድዷን ጨምድዶ ያዘው፤ ከሥሩ ግን የበሰለ እንጆሪና ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ደግማ ቀመሰችውና ተፋችው።

«የመጀመሪያው ይጥማል» አለ ኦም ፍሎርስ።

«ለዛሬ ይጥማል። ሦስተኛው ይሁን፤ እሱ ይቆያል።»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። «አባትሽም እናትሽን በቀበረ ማግስት እዚሁ ቆሞ እንዲህ አለ። ያኔም ድብልቁ አላለቀም ነበር። መርጦ እንደጨረሰ እዚያ በርሜል ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ጨውን ከስኳር አይለይም ነበር።»

ሮዜታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ለምን አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም?»

«ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

አልጠየቀችውም። በወይኑ ማሳ መሃል ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም ብዙ ቆየችበት። ስትገባ ሴቶቹ የቀላ ዓይኗን አይተው መንገድ ለቀቁላት። ታኒ ሚና ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች።

«አሁን ስጪኝ።»

መሐረቡን ተቀብላ ፊቷ ላይ ጫነችው። ሽቶው ምንም አልሸተታትም።