ሰርቨሩ የጠየቀው ቀን

ዳባት ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። ቫይረስ ጨርሷቸው ስለነበር መምህርት ጤናዬ ዲስካቸውን ሙልጭ አድርጋ አጸዳችው። ሲዲ ማንበቢያቸው አይሠራም። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚያስነሣውን አዲሱን የኡቡንቱ ሶፍትዌር ከጎንደር ገልብጣ አመጣችና ሌላ አሮጌ ማሽን ላይ አስቀምጣ ማሽኑን ሰርቨር አደረገችው። ሌሎቹ ሲበሩ በኬብሉ በኩል ሰርቨሩን ይጠይቃሉ፤ እሱም የሚያስፈልጋቸውን እየላከ ይጭንላቸዋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዱን ሞከረችው፤ በአርባ ደቂቃ ተጭኖ አለቀ።

የቀራት ዓርብ ብቻ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ንብረት የሚቆጣጠሩት አቶ ፀጋው ከደባርቅ በአይሱዙ ይመጣሉ። ኮምፒውተሮቹ የማይሠሩ ከሆነ ተጭነው ለሌላ ትምህርት ቤት እንዲሰጡ ደብዳቤ ተጽፏል። አንዴ ከወጡ እንደማይመለሱ ጤናዬ ታውቃለች።

ዓርብ ጠዋት ስትገባ የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ገሠሠ ክፍሉን ከፍተው ጠበቋት። ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚያድረው።

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር» አሏት ሰርቨሩን እያሳዩ። «ይህን አለቃሽን የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አኮረፈ፤ አንዲት ነገር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት፣ ሥራውን ያዘ።»

ጋሽ ገሠሠ ከዕቃ ጋር ማውራት ልማዳቸው ስለሆነ ጤናዬ ሣቅ ብላ አለፈችው። ያም ሆኖ እንደ ልማዷ የምትፈትሻቸውን ነገሮች የዘረዘረችበትን ደብተር ገልጣ ሰርቨሩን አየች። በስክሪኑ ጥግ «ዓርብ 12፣ 2:05» ይላል። የእጅ ሰዓቷም ሁለት ከአምስት ነው። ምልክት አደረገችና ወደ ቀጣዩ አለፈች።

አሥራ ሰባቱን አበራቻቸው። ሁሉም ሰርቨሩን አገኙት፤ ሁሉም ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ቀይ ጽሑፍ አወጣ፤ የፋይል ማከማቻው ተበላሽቷል የሚል። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እስከ መጨረሻው።

ትናንት የሠራው ይኸው ሰርቨር ነው፤ ፋይሎቹም እነዚያው ናቸው። ኬብል ቀየረች። ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ስዊች አጥፍታ አበራች። የፋይሎቹን መለያ ቁጥር ጎንደር ሳለች ከጻፈችው ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረች፤ አንድም ልዩነት የለም። በመጨረሻ ትናንት የሠራውን ኮምፒውተር አጽድታ እንደገና ሞከረችው። እሱም እምቢ አለ። አሁን ከአሥራ ስምንቱ የሚሠራ አንድም አልቀረም።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ጠዋት የነኩት ነገር አለ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ። አታጥፉ ብለሽ የለጠፍሻትን ወረቀት እንኳ አልነካሁ።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ጥቁር ገጽ ከፈተች። መስመር በመስመር ወረደችና አንዱ ላይ ቆመች። የፋይሎቹን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው ፊርማ የተፈረመው ከአሁን ሁለት መቶ አርባ ሚሊዮን ሰከንድ በኋላ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ገና ያልተፈረመ ፊርማ እንዴት እዚህ ይገኛል? ያላት ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ስልኳን አውጥታ አካፈለችው። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስምንት ቀን መጣ፤ ሰባት ዓመት ከሰባት ወር ማለት ነው።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ሰባት ዓመት ከምናምን ሲባል ምን ይመጣብዎታል?»

«መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ ይህ ይጠፋኛል? ፈረንጆቹ እኛን የሚቀድሙበት ነዋ።»

ጤናዬ ወደ ሰርቨሩ ዞረች። «ጠዋት ምንድን ነው የጠየቀዎት?»

«ዕለቱን። ለወር፣ ለቀን፣ ለዓመት ባዶ ቦታ ሰጠኝ። ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ስምንት አልኩት። ሰዓቱንም አንድ ከሃያ። ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

ዕለቱ ግንቦት ሚካኤል ነው፤ ዘጠነኛው ወር፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓመቱም ሁለት ሺህ ስምንት። የሰርቨሩ ባትሪ ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ሐሙስ ዕለት ራሷ ናት ያስገባችለት። ዛሬ የተነገረውን በፈረንጅ ቆጥሮ ሴፕቴምበር 12፣ 2008 ላይ ተቀመጠ። ያ ቀን ደግሞ ዓርብ ሆኖ ተገኘ። ቀኑም ሰዓቱም እሷ ከምታውቀው ጋር ስለገጠመ ነው አይታ ያለፈችው። የሌሎቹም ባትሪ የሞተ ነው፤ ሰዓት የሚጠይቁት ሰርቨሩን ነው። ባለፈው ወር የተፈረመ ፋይል ሲመጣላቸው ገና ካልደረሱበት ዘመን የመጣ መሰላቸውና አንቀበልም አሉ።

«አልተሳሳቱም» አለቻቸው።

«እሱ ነዋ የተሳሳተው።»

«እሱም አልተሳሳተም።»

«እንዲህማ አይሆንም መምህርት። ከሁለታችን አንዳችን መሳሳት አለብን።»

ጤናዬ ቀኑን ሜይ 20፣ 2016 ብላ፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ስታስገባ ውሸት የምትጽፍ መሰላት። አሥራ ስምንቱንም እንደገና አስነሣች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለጠየቁ ሰርቨሩ ከበደው፤ መስመሮቹ በዝግታ ይሳባሉ።

የአይሱዙው ጥሩንባ ሲሰማ አሥራ አንዱ አልቀዋል። አቶ ፀጋው ገብተው የሠሩትን አንድ በአንድ ነካክተው አዩና አሥራ ሁለተኛው ፊት ቆሙ።

«ይሄስ?»

«ከሰርቨሩ እየወሰደ ነው።»

«እስኪ ሲጨርስ ልየው» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሾፌሩ ውጭ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋ፤ ዘወርም አላሉ። አሥራ ሁለተኛው አለቀ፣ ቀጥሎም የቀሩት። አቶ ፀጋው ከቦርሳቸው ወረቀት አውጥተው «ይሠራሉ፣ ባሉበት ይቆዩ» ብለው ጻፉና ለጤናዬ ሰጧት።

«እዚህ ጋ ፈርሚ። ቀኑንም ጻፊበት።»

ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ። ሰርቨሩ «ዓርብ 20፣ 3:50» ይላል። የእጅ ሰዓቷ ዘጠኝ ከሃምሳ ነው። አንዴ ያንን፣ አንዴ ይህን አየች።

«ጋሽ ገሠሠ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ጋሽ ገሠሠ ሰርቨሩን አዩ፤ አቶ ፀጋውን አዩ።

«ለማን?» አሉ።