የሰዳቢዋ ባል

ከተማዋን ከጫካው የሚለያት አንድ ግንብ ነው፤ ግንቡም ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ከግንቡ ወዲህ ልብስ ሰፊ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ። ከግንቡ ወዲያ ሰው የሚበላ ነገር አለ። ነዋሪው ግን ለምዶታል። ዝናብ ባባራ ቁጥር ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ ጀርባውን ግንቡ ላይ የሚያክከውን ግዙፍ አውሬ «አጎትዬ» ይሉታል፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ሙጫው፣ ማሩና መድኃኒት ቅጠሉ ያለው እዚያው ጫካ ውስጥ ስለሆነ ሰው መውጣቱን አልተወም።

ከሁሉም የምትከፋው ማሚቶ ናት። ስሟ የወጣላት ከገደል ማሚቶ ነው። አይቷት የተመለሰ ስለሌለ መልኳን የሚያውቅ የለም። ጫካ ውስጥ የተናገርከውን ሁሉ ትለቅምና በራስህ ድምፅ በሩ ላይ መጥታ «እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» ትላለች። በአያቶች ዘመን እንዲህ ብላ ገብታ አንድ ሰፈር ሙሉ ጨርሳለች። ደግነቱ አንድ ድካም አለባት። የሰማችውን መድገም እንጂ ከራሷ አንድ ቃል መጨመር አትችልም፤ የአንዱን ቃል በሌላው ሰው ድምፅ ማለትም አይሆንላትም። ስለዚህ ብትሰድባት ተናዳ የምትመልሰው ነገር የላትም።

ከተማዋ ደመወዝ ከፍላ ሰዳቢ የምትቀጥረውም ለዚህ ነው። መታወቂያው ላይ «የበር መርማሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ እንዲያ ብሎ ሰዳቢዋን የሚጠራ ግን አንድም ሰው የለም።

ሰዳቢዋ ሥራውን የተረከበችው ከአክስቷ ነው። የሥራ ቦታዋ ከበሩ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ በርጩማ፣ አንድ የደወል ገመድ፣ ግንቡን ሰንጥቆ የሚያልፍ ጠማማ የቆርቆሮ ቧንቧ፤ ሌላ ዕቃ የለም። ድሮ በሩ ላይ መስኮት ነበረ ይባላል። ዓይን ላይ መርዝ የሚተፉ የጫካ አውሬዎች ሁለት በረኞችን ካሳወሩ በኋላ ተደፈነ። አሁን ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነው። ሰው ሲያንኳኳ በቧንቧው ትሰድበዋለች፤ ለስድቧ ትኩስ መልስ ከሰጠ ባለ መዘውሩ ሽማግሌ መዘውሩን ያሽከረክርና በሩ ይከፈታል።

እሷም ታውቅበታለች። ማር ቆራጩ ሲመጣ፣ «ቁመት ሲታደል የት ሄደህ ነበር?» ትለዋለች።

«ላንቺ የምላስ ሰልፍ ይዤልሽ!» ይላል፤ በሩም ይከፈትለታል።

አዳኙን በውሻው፣ ቅጠል ለቃሚዋን በምራቷ ትነካቸዋለች። ከተማው ውስጥ የማን ቁስል የት እንዳለ ከሐኪሙ ይልቅ እሷ ታውቃለች። የሚኮሩባትም ብዙ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ ስለ ሙሽራው ጠባይ መጥተው የሚጠይቋት አሉ።

አክስቷ ሥራውን ስታስረክባት አንድ ነገር አጥብቃ ነግራት ነበር። «ምላስሽን በሩ ላይ ትተሽው ግቢ። ቤት ውስጥ የተሰደበ ሰው ስድብ ይለምዳል፤ የለመደ ሰው በር ላይ ቢሰድቡት አይናደድም።» ሰዳቢዋም ቃሏን ጠበቀች። ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባሏን አንድ ቀን ቀና ብላ ተቆጥታው አታውቅም። እሱም የሚያስቆጣ ሰው አልነበረም። ሙጫ ለቃሚ ነው። ሰፈሩ «አቶ እሺ» ይለዋል። ወጡ ጨው ቢበዛበትም ብላው ሲሉት እሺ፣ ነገ ጣሪያ እናድስ ሲሉት እሺ፣ ብድር ስጠን ሲሉት እሺ። ከጫካ ሲመለስ እንኳ ከቡድኑ ጋር ስለሚገባ፣ የሙጫ ለቃሚዎቹ አለቃ «ይሄን የዋህ ተይው እባክሽ!» እያለ ይመልስለት ነበር። ሕጉ ባይፈቅድም ጓደኞቹ ክንዱን ይዘውት ስለሚመጡ ይታለፋል።

በዚህኛው ጉዞ ግን ቡድኑ ያለ እሱ ተመለሰ።

የሄዱት በጥልቁ መስመር ነበር፤ ሙጫው ብዙ፣ አውሬውም ብዙ የሆነበት መንገድ ነው። አለቃው ኮፍያውን እያፍተለተለ ነገራት። ጉም ወርዶ ሳለ አጎትዬ መጣባቸው፣ ተበታተኑ፤ ሲሰባሰቡ እሱ የለም። ስሙን ጠሩ። ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ጊዜ «እሺ» የሚል መልስ መጣ፤ ሦስቱም የእሱ ድምፅ ነው። ሸሽተው መጡ። ሰዳቢዋ አለቃውን አልሰደበችውም። ወደ ክፍሏ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ሦስት ቀን ሙሉ፣ የምትተካት ተረኛ ብትመጣም፣ አልነሳም አለች።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ በሩ በድንጋይ ተመታ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

የባሏ ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ከመዘውሩ ተነስቶ መጣ።

«ልጄ፣ ይሄንን አንቺ ባትይዢው ምናለ? ተረኛዋን ላስጠራ።»

«ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል አባባ?»

«እግሬን አሞኛል» አለ ቧንቧው። «ክፈቱልኝ።»

ይሄ አይቆጠርም። የጠፋ ሰው ብቻውን ያወራል፤ የሚስቱን ስም፣ የቤቱን ነገር፣ ሕመሙን ሁሉ ለዛፉ ይነግራል፤ ማሚቶም አንድ ሳታስቀር ትለቅማለች። የሚቆጠረው ለስድብ የሚሰጥ መልስ ነው። ሕጉ አምስት ስድብ ይፈቅዳል። በአምስቱ ካልመለሰ ደወል ይደወላል፤ ከዚያ እስከ ነገ ጠዋት በሩን የሚከፍት የለም። ደወል የተደወለበት ሰው በማግስቱ ከጫማው ሌላ ተገኝቶለት አያውቅም።

ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ኤሊ እንኳ ቀድማህ ገብታ፣ ምሳዋን በልታ፣ ዕቃዋን አጥባለች!»

«እሺ» አለ ቧንቧው።

ሽማግሌው አንድ ጣቱን አጠፈ።

«ስታንኮራፋ ጎረቤት ወፍጮው ተነሳ ብሎ እህሉን ተሸክሞ ይመጣል!»

«እሺ።»

ሁለት ጣት። ሰዳቢዋ ሦስተኛውን ልትል አፏን ከፈተችና ባዶ ሆነባት። ምን ትበል? ይሄ ሰው ምን ያናድደዋል? ምግብ አይመርጥም። ልብስ አይመርጥም። ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። ከተማው ሁሉ የት የት እንደሚያመው አብጠርጥራ የምታውቅ ሴት፣ አጠገቧ የሚተኛው ሰው የት እንደሚያመው አታውቅም። አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም። እፍረቱ ከፍርሃቷ በለጠ።

«እናትህ የወለደችው ትራስ ነው!» ብላ ጮኸች። «ማንም ቢቀመጥበት ዝም!»

«እሺ… ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አለ አባባ! ሰምተሃል?»

«እሱንም ዘወትር ይለዋል» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። ሦስተኛውን ጣት አጠፈ።

«ሙጫ ለቃሚ! ለአደን የሚሆነው ተመርጦ፣ ለማር የሚሆነው ተመርጦ፣ ግርዱ ነው ሙጫ የሚለቅመው!»

ይሄኛው መልስ ዘገየ። ሲመጣም ደከም ብሎ ነበር። «እሺ።»

ሽማግሌው አራተኛውን ጣት አጥፎ እጁን ወደ ደወሉ ገመድ ሰደደ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አንድ ቀረሽ ልጄ።»

ሰዳቢዋ ግንባሯን ቧንቧው ላይ አስደገፈች። አንድ ነገር ነበራት። ስድብ አይደለም። ሦስት ቀን በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ስታላምጠው የከረመችው፣ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነው። ለእሱ እንዳይደርስ ብትችል አፈር ታለብሰው ነበር።

«ስማኝ» አለች፤ ድምፅዋ የሰዳቢ ድምፅ መሆኑ ቀረ። «አለቃው ለጥልቁ መስመር ሰው ሲመዘግብ መጀመሪያ የመጣው እኔ ጋ ነው። ‹ባልሽን ልጠይቀው ነበር፣ የት አገኘዋለሁ?› አለኝ። እኔ… ሥራ ይዤ ነበር። ሳቅኩ። ‹እሱን ምን ትጠይቀዋለህ፣ ያው እሺ ነው የሚለው፣ ዝም ብለህ ጻፈው› አልኩት። እዚያ የላክሁህ እኔ ነኝ። ሳልጠይቅህ።»

ከውጭ የዝናብ ጠብታ ከቅጠል ቅጠል ሲወርድ ይሰማል። ሽማግሌው ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ይቅር በለኝ» አለች።

«እንቢ።»

ሽማግሌው ወደ ቧንቧው ጠጋ አለ። ሰዳቢዋ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጠፈች። «ምን አልክ?»

«እንቢ!»

«አባባ፣ ክፈት! እሱ ነው!»

«ቆይ እስኪ ልጄ፣ ማሚቶ እንቢ የሚለውን ሰምታ ቢሆንስ?»

«ከማን? በእሱ ድምፅ እኮ ነው! እሱ ለማን እንቢ ብሎ ያውቃል? አንተ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለህ፤ አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው?»

ሽማግሌው አሰበ። ጎረቤት ነበሩ፤ አብረው ጉድጓድ ቆፍረዋል፣ አብረው ለቅሶ ተቀምጠዋል። አገጩን እያሻሸ ብዙ አሰበና አንድም አላገኘም።

ቧንቧው ግን አልጨረሰም። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነገር መንገድ ያገኘ ይመስል ይወርድ ጀመር። «አለቃው መንገድ ላይ ነገረኝ። ‹ሚስትህ ፈቅዳልሃለች› አለኝ። ስለ ኤሊዋም ስለ ትራሱም ብትይኝ ምን ያናድደኛል፣ እውነትሽን ነው! ያላመመው ሰው ይጮሃል እንዴ? ጥልቁን መስመር እፈራዋለሁ። ዝርዝሩ ሊወጣ ነው ሲባል ከመጠራቴ በፊት ጓሮ ገብቼ እንቢ ማለት ስለማመድ ሰነበትኩ። ለዶሮዎቹ ስነግራቸው ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ልትሆን ነበር! እሷን እንኳ ቀማሽኝ!»

ሽማግሌው ገመዱን ለቅቆ ወደ መዘውሩ ሮጠ። ሰንሰለቱ ተንኳኳ፣ በሩ ሰው የሚያሾልክ ያህል ተከፈተ። ሕጉ ክፍት እንዲቆይ የሚፈቅደው እስከ መቶ ተቆጥሮ ነው፤ ሽማግሌው ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ደረሰ። የሚገባ ሰው ግን የለም።

«ግባ እንጂ!» ብላ ጮኸች ሰዳቢዋ።

«አልገባም!»

አሥራ አራት ዓመት እዚያ በር ላይ ሠርታ አንድ ቀን ከግንቡ ወዲያ እግሯን አንስታ አታውቅም። ወጣች። ጭቃው ሞቅ ያለ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ሃያ እርምጃ አይርቁም፤ በመካከላቸው ጉም ተኝቷል። ባሏ ግንቡን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩን በሸሚዙ እጅጌ ጠምጥሞታል፤ ደሙ ደርቆበታል። ከስቷል። ፊቱ ተቆጥቷል፤ ሲቆጣ ቅንድቡ እንዴት እንደሚሆን ገና አሁን አየች።

«ተነስ፣ በሩ ሊዘጋ ነው።»

«መጀመሪያ ጠይቂኝ።»

«ምኑን?»

«ያኔ ያልጠየቅሽኝን። እኔን። አፍሽን ከፍተሽ።»

«ስልሳ ሁለት!» አለ ሽማግሌው ከውስጥ። «ልጆች፣ ኧረ በፈጣሪ!»

ሰዳቢዋ ፊቱ ተንበረከከች። «ጥልቁን መስመር ትሄዳለህ?» አለችው።

«እሺ» አለ ድምፁ።

የመጣው ግን ከጉሙ ውስጥ፣ ከዛፎቹ በኩል ነው። ቀርቧል፤ ገር ነው፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ሰባት ዓመት ጠዋትና ማታ ቤቷ ውስጥ የሰማችው ድምፅ ነው። ዓይኗን ግን ከባሏ ፊት ላይ አላነሳችም። እሱም ሰምቶታል።

«አልሄድም» አለ። «እፈራለሁ። አልሄድም።»

ክንዱን አንገቷ ላይ አደረገችና በሁለት እጇ ወገቡን ይዛ አነሳችው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። ከኋላቸው ጉሙ ውስጥ ያኛው «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ቅርንጫፍ ይሰበራል። እሷ ወደዚያ አልዞረችም። ሽማግሌው ዘጠና ላይ ሲደርስ አልሄድም ያለውን ይዛ ገባች።