የሰፈራችን ሰው ናት

ልብስ ሰፊው ሃምሳ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሮጠበት ቀን ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም፤ ያውም አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው። ሥራው የመቀመጥ ሥራ ነው። ጠዋት የስፌት መኪናው ላይ ይሰየማል፣ ማታ ተጣጥፎ ይነሣል። የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው የራሱን ለክቶ አያውቅም። ሱሪው ሲጠበው የወገቡን ስፌት ትንሽ ይለቅና ዝም ይላል፤ በዓመቱ ደግሞ ይለቃል። ሱቁ ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ በእጃቸው የሚሠሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አንድ ቀን ያንኑ ሱሪ ገልብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ የሚለቀቅ ጨርቅ አልቋል። ከእንግዲህ የሚጠበው አንተ ነህ» አሉት። ሳቀ። ደንበኞቹም በሌለበት «ቦርጬ» እንደሚሉት ያውቃል፤ እሱንም በሳቅ ነበር የሚያሳልፈው።

ሐኪም ዘንድ የሄደው ራሱን እያዞረው ሲያስቸግረው ነው። ደም ግፊቱ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ስኳሩም በር ላይ ቆሟል ተባለ። መድኃኒት ተጻፈለት፤ ከመድኃኒቱ በላይ ግን ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ የሚል ምክር ተሰጠው። ቤት ገብቶ ለሚስቱ እንደ ቀልድ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ ሁለት ጥንድ የሩጫ ጫማ ይዛ መጣች፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ።

ሚስቱ የሕፃናት አስተማሪ ናት። በአምስት ዓመት ታንሰዋለች። ቀኑን ሙሉ ስታጎነብስ፣ አፍንጫ ስትጠርግ፣ የተበተነ ስትሰበስብ ስለምትውል ሰውነቷ ቀላል ነው። ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችው፤ ብርድ ልብሱን ተሸፋፍኖ ነገ ይሁን አላት። እሷም «ነገን ሐኪሙ አልጻፈልህም» ብላ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

የሚሮጡት መናፈሻው ውስጥ በሐይቁ ዙሪያ በተሠራው መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከበሩ ተነሥቶ አራት መቀመጫ ሳያልፍ ልቡ ጆሮው ውስጥ ገብታ ትደልቅ ጀመር። ሰው እንዳያየው ዞር ዞር ሲል እሷ ገባት። ከዚያ በኋላ መንገደኛ በሚያልፍበት በኩል ትሆናለች፤ በእሷ ጥላ ቦርጩ ይከለላል። ትንፋሽ ሲያጥረው ደግሞ ድንገት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታና መልሳ ታስራለች። «ቆይ፣ ተፈታብኝ» ትለዋለች። እሱም እሷን የሚጠብቅ መስሎ ያርፋል። በአንድ ዙር ሰባት ጊዜ የሚፈታ ጫማ እንደሌለ ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን አንድም ቀን አላነሡትም።

በስድስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰ። ሱሪዎቹን ሁሉ አጠበበ። አሮጊቷ እያዩ «በአንተ ጨርቅ ሌላ ሰው ይለብሳል» አሉት። ድሮ አፉን መርፌ ሞልቶት የማይናገረው ሰው፣ አሁን እጅጌ ይለካልኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ ስለ ጉልበትና ስለ ትንፋሽ ያስተምር ጀመር። ሰው ተሰላችቶ ሰዓቱን ሲያይ እንኳ ልብ አይልም።

በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ በመናፈሻው አብረው ከሚሮጡ አምስት ሰዎች አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ጠጋ ብለው ከእኛ ጋር ለምን አትሮጥም አሉት። እነዚህን ሰዎች ከሩቅ ሲያደንቃቸው ቆይቷል። አራት ዙር ሳይቆሙ ይጨርሳሉ፤ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። ከመካከላቸው ፋርማሲስት አለ፣ መሐንዲስ አለ። እግሬን አይተው ነው የፈለጉኝ ብሎ ደረቱ ተነፋ። አብሯቸው ሲሮጥ ከርሞ ፊት ፊት ማለት ሲጀምር ፋርማሲስቱ «ጥይቱ» የሚል ስም አወጣለት። ከቦርጬ ወደ ጥይቱ! ለሚስቱ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ነግሯታል።

እሷ ግን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ትንፋሼ ያጥራል ትላለች። ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ መሐል ደርሼ ብረቱን ይዤ እቆማለሁ አለችው አንድ ጊዜ። እሱ መጀመሪያ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ጨምሪ አላት። ደግማ ስትነግረው ግን እንደ አዋቂ ሆኖ፣ ሩጫ የልብ ነገር ነው፣ ልብሽ ከሰነፈ እግርሽ አይታዘዝሽም አላት። ከዚያ በኋላ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፣ ሩጫውን ግን እሱ ከሰዎቹ ጋር፣ እሷ ሰዎቹ ሳይሰበሰቡ ቀድማ ገብታ በራሷ እርምጃ ለብቻዋ ያዙት። እሱም ነገሩ ተስማማው።

ያ ቅዳሜ የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ናቸው፤ ልብስ ሰፊው ከፋርማሲስቱ ጋር ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ። ዛፎቹ ሥር መንገዱ ሲታጠፍ ሚስቱ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ክርኗን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ የራሷ ሻሽ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ወርዶ፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። የለበሰችው ቱታ ልጃቸው ተማሪ ሳለች የጣለችው ነው፤ ቀለሙ ለቆ፣ ጉልበቱ ወጥቶ። ሲመጡ አየችና ቀና አለች። ፋርማሲስቱ እርምጃውን ቀነሰ።

«ይህች ሴትዮ ደህና አትመስልም። ታውቃታለህ እንዴ?»

በዚያች ቅጽበት በልቡ ምን እንዳለፈ ልብስ ሰፊው ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ፈልጎታል። ቱታው ነው? ሻሹ ነው? ወይስ ጥይቱ የተባለ ሰው ሚስት መንገድ ዳር ተዘርፍጣ መታየቷ? ብቻ አፉ ከልቡ ቀደመ።

«የሰፈራችን ሰው ናት» አለ። «አረፍ ስትል ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ናት።»

አልቆመም። በመካከላቸው የነበረው ርቀት አራት እርምጃ ቢሆን ነው።

አራተኛውን ዙር በሕይወቱ ሮጦት በማያውቀው ፍጥነት ጨረሰው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆማ አገኛት። ሻሿን አስተካክላለች፣ የእሱን ጃኬት ክንዷ ላይ ይዛለች። እንዳይበርድህ ብላ አቀበለችው። መንገድ ላይ ስለ ልጃቸው አወሩ፤ በሌላ ከተማ የተከራየችው ቤት ቧንቧው ያፈሳል። ድምፅዋ እንደወትሮው ነው። አልሰማችም ማለት ነው ብሎ ልቡ ተመለሰ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሩጫውን ተወች፤ ትምህርት ቤት በጠዋት እየተፈለግኩ ነው አለችው። ምክንያቷን አልመረመረም። ደስ ብሎት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ የኮት ትከሻ በጠመኔ እያሰመረ ሳለ ስልክ ተደወለ። ሚስቱ ክፍል ውስጥ፣ በሕፃናቱ መካከል ወድቃ ወደ ሆስፒታል ተወስዳለች። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በሱቅ ጫማው ወጣ። መኪና ቢጠብቅ ይሻለው ነበር፤ መቆም አልቻለም። ያን ሁሉ መንገድ ሮጠው። ሰው በሜትሩ እየሳቀ ዞር ብሎ ያየዋል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ሚስቴ የሚለውን ቃል ለማውጣት እንኳ ትንፋሽ አጣ።

ሐኪሟ ቁጡ ሴት አልነበረችም፤ ብትቆጣው ይቀለው ነበር። ከልቧ በሮች አንዱ ጠቧል፤ በልጅነቷ የያዛት ሕመም የተወው ጠባሳ ነው አለችው። ድንገት የመጣ አይደለም፣ ቢያንስ ከዓመት ወዲህ ምልክት ሲሰጥ ቆይቷል። ከዚያ ወረቀቷን እያየች «ሩጫ ይሮጡ እንደነበር ነግረውኛል» አለችው። «አብሯቸው የሚሮጥ ሰው አልነበረም? ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያስተዋለ?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና እጁ ላይ ጠቀለለው።

ጠባቡ የልቧ በር በሕክምና ተከፈተላት፣ መድኃኒት ታዘዘላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀስ ብለሽ መራመድ ትችያለሽ፣ መሮጥ ግን አይታሰብም ተብላ ቤቷ ገባች። ሱቁን ለአሮጊቷ አደራ ሰጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሾርባ ሠራ፣ አሳረረ፣ ደግሞ ሠራ። ቀሚሷ ሰፍቷት ነበርና አንድ ቀን ከሰዓት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ያጠብላት ጀመር፤ እሷ አልጋው ላይ ተደግፋ ታየዋለች። ቀና ሳይል፣ ትንፋሼ አጠረ ስትዪኝ ስንፍና መስሎኝ ነው፣ ያን ቃል ባልተናገርኩት አላት።

«እሱን ተወው» አለችው። «በሽታውን እኔም አላወቅሁት፤ አንተ በምን ታውቃለህ?» ትንሽ ቆየችና ጨመረች። «ያን ቅዳሜ ግን ሰምቼሃለሁ።»

መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ። የቱን ቅዳሜ ብሎ አልጠየቀም።

«አፍሬ ነው» አለ በመጨረሻ። ውሸት ፈልጎ አጥቶ አይደለም፤ ሃያ አራት ዓመት አብራው የኖረችን ሴት ደግሞ መዋሸት ስለከበደው ነው። እውነቱ ግን ከውሸቱ ባሰ።

«እኔ አላፈርኩብህም ነበር» አለችው። «ቦርጭህ ቀድሞህ ሲሄድ፣ ሰው ሁሉ ሲያይህ፣ አንድ ቀን አላፈርኩም።»

ቀሚሱን ጥሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ተነሣ። እጇን ዘርግታ ከለከለችው።

«ተው፣ ወለሉ ላይ መርፌ አለ። ይቅር ብዬሃለሁ። እርሺው ብለህ ግን አትለምነኝ፤ እሱ በእጄ አይደለም።»

በማግስቱ ማለዳ መናፈሻው ሄደ። ሰዎቹ በሩ ጋ እግራቸውን እያፍታቱ ነው። ጥይቱ መጣ ብለው የት ጠፋህ አሉት። ያቺ ድንጋይ ላይ ያያችኋት ሴት ሚስቴ ናት አላቸው፤ ቆሞ፣ እጁን ወደ ጎን ጥሎ፣ ልክ እንደተያዘ ተማሪ። ፋርማሲስቱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሩጫቸውን ጀመሩ። ዳኛው ብቻ ቀሩ።

«እኔ አውቅ ነበር» አሉት። «ወደ እኛ የላከችህ እሷ ናት። ባለቤቴን ይዘውልኝ ይሂዱ፣ እኔ እያዘገየሁት ነው፣ እኔ መለመኔን ግን እንዳይሰማ ብላ ነው የነገረችኝ። በዚያ ቅዳሜም ከኋላ ነበርኩ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኋት።»

«ምን አለችዎ?»

«እንዳይነግሩት፣ ያፍራል አለችኝ።» ዳኛው ጨመሩ። «ሐኪም ዘንድ ሂጂ ማለት ነበረብኝ። እኔም አላልኩም።»

ልብስ ሰፊው ያን ቀን ሳይሮጥ ተመለሰ። ከዚያም ከነሱ ጋር አልሮጠም። ሩጫውን ጨርሶ ልተወው ብሎም ነበር፤ እሷ ናት እንቢ ያለችው፣ ሁለታችንም በሽተኛ ሆነን ማን ማንን ሊያስታምም ነው ብላ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ለብቻው፣ ከሰዎቹ በፊት ወጥቶ ይሮጣል። ቦርጩ አልተመለሰም። ደንበኛ ሁሉ እንዴት እንዲህ ሸንቀጥ አልክ ይለዋል፤ ድሮ አንድ ሰዓት ያስተምርበት የነበረውን ነገር አሁን፣ ባለቤቴ ናት ያስጀመረችኝ ብሎ ወደ ጠመኔው ይመለሳል። አሮጊቷ አንድ ቀን ምን ሆነሃል ልጄ ሲሉት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አላቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁትም።

እሷ ደህና ሆናለች። ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ ከሰዓት በኋላ ከሌላ አስተማሪ ጋር በእግሯ ትሄዳለች። እኔም ልምጣ ሲላት ቆይ ትንሽ ትለው ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን እሑድ እሑድ እንዲመጣ ፈቀደችለት። ስለ ልጃቸው ያወራሉ፣ ስለ ሱቁ ያወራሉ፣ ይስቃሉም። እሱ ጆሮው ሁሉ ትንፋሿ ላይ ነው። መናፈሻው በር ላይ አሥራ አንድ ደረጃ አለ። እዚያ ሲደርሱ ክንዱን ያቀርብላታል። አንዳንድ እሑድ ትይዘዋለች፤ አንዳንድ እሑድ ደግሞ ሳታየው የደረጃውን ብረት ይዛ ትወጣለች።