ስም የሌላቸው ተሳፋሪዎች

አሽኒታ ከሲሚንቶ ከረጢቶቹ ጀርባ ቆማ የላኒዬታን ጣቶች ትከታተላለች። ሴትዮዋ የመርከቧ መሳፈሪያ በር ላይ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ተሳፋሪ ትመዘግባለች፤ ስም ትጽፋለች፣ የኢንተርን ቁልፍ ትጫናለች፣ ደግሞ ስም ትጽፋለች፣ ትጫናለች። ድንገት ቀና ብላ ግራ ቀኟን አየችና ምንም ሳትጽፍ ኢንተርን ተጫነች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው።

ያዝኩሽ፣ አለች አሽኒታ በሆዷ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። የመርከብ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ዴኦ ቢሮው ጠርቷት ሁለት ወረቀት ፊቷ ዘረጋ። በአንዱ ላይ፣ አዲ ሴሩ የምትባለው መርከባቸው ባለፈው ጉዞ የተቆረጠላት ትኬት አንድ መቶ አርባ አንድ ነው። በሌላው ላይ፣ አሽኒታ ለድርጅቱ የጻፈችው የመመዝገቢያ ፕሮግራም ለካፒቴኑ የላከው የተሳፋሪ ቁጥር አንድ መቶ አርባ አራት ነው። ወይ ፕሮግራምሽ መቁጠር አይችልም፣ ወይ ላኒዬታ ዘመዶቿን ያለ ትኬት ታሳፍራለች፤ ከሁለት አንዱን እስከ ዓርብ አምጪልኝ አላት። የአሽኒታ የሥራ ውል የሚታደሰው በወሩ መጨረሻ ነው። የትኛውን ይዛ ብትመጣ እንደሚሻላት ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

ፕሮግራሙን ከፍታ አየችው። የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም፤ አንድ ስም በተጨመረበት ቁጥር በአንድ ይረዝማል፣ ካፒቴኑ ጋ ከዝርዝሩ ጋር የሚደርሰውም ቁጥር ይኸው ርዝመቱ ነው። ከስሞቹ መሀል ሦስት ቦታ ባዶ ነበር። አንድ ፊደል እንኳ የለበትም። ግን ተጨምሯል፤ ከተጨመረ ደግሞ ዝርዝሩ እንደ ማንኛውም ስም አንድ ብሎ ይቆጥረዋል። አሽኒታ የስድስት ወሩን ጉዞ ሁሉ አገላበጠች። ባዶዎቹ የሚገኙት ከዋና ከተማዋ ከሱቫ ወደ ደሴቶቹ ሲኬድ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ አንድም የለም።

እዚህ ላይ ጥርጣሬዋ ሥር ሰደደ። ላኒዬታ የደሴት ልጅ ናት፣ ዘመድ ሲለምን እምቢ ማለት ደግሞ እዚህ አገር ነውር ነው። የአጎቷ ልጅ መጥቶ አሳፍሪኝ ቢላት ምን ታደርጋለች? ባዶ አስገብታ ቦታ ትይዝለታለቻ! ከዚያ ወዲህ የሴትዮዋ ነገር ሁሉ አላምር አላት። ትናንት ያቀበለቻት የኮኮናት ዳቦ እንኳ አልዋጥ አላት፤ ምን ፈልጋ ነው የሰጠችኝ እያለች ግማሹን ለዓሣ ወረወረችው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጠዋት ባዶዎቹን ከዝርዝሩ እየለቀመ የሚጥል አንድ መስመር ፕሮግራሙ ላይ ጨመረች። ሚስተር ዴኦ የሰጣትን የጥፋት ማመልከቻ ቅጽም ሞላች። የቀራት የጥፋተኛው ስም የሚለው ቦታ ብቻ ነው፤ እሱን በዓይኔ ካላየሁ አልጽፍም ብላ ነው ወደብ የወረደችው። መርከቧ ስምንት ሰዓት ላይ ትነሳለች።

አሁን በዓይኗ አየች። ከከረጢቶቹ ጀርባ ወጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ላኒዬታ ስታያት ፈገግ አለች። ይሄ ፈገግታዋ ደግሞ!

"እማማ ላኒዬታ፣ ቅድም ምን ነበር ያስገቡት?"

"መቼ?"

"ምንም ሳይጽፉ ኢንተር የተጫኑ ጊዜ። ሁለቴ።"

"እሱማ ሰው ነው" አለች ላኒዬታ፣ እንደ ቀላል ነገር።

"የታለ ሰውየው?"

ላኒዬታ በአገጯ ወደ ጥላው ጠቆመቻት። ምንጣፍ አንጥፈው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ እጅ ላይ የሆስፒታሉ የፕላስቲክ አምባር ገና አልወለቀም። አሽኒታ አላመነችም፤ ሄዳ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ፊቱ የተጨማደደ፣ ጡጫውን የጨበጠ አራስ ልጅ ነው። የዚያኛዋም ጥቅል ውስጥ እንዲሁ። ስሙ ማነው ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ የፖሊስ ጥያቄ ይመስል ነበር። እናትየው እያፈረች፣ ስም የሚያወጡለት የአባቱ ወገኖች እንደሆኑና ደሴቱ እስኪደርሱ ስም እንደሌለው ነገረቻት። ለወሊድ ነው ሱቫ የመጣችው። ለአራስ ደግሞ ትኬት አይቆረጥም።

ሲመለሱማ ስም አላቸው። ባዶ የማይኖረው ለዚያ ነው። ላኒዬታ ግራ ቀኟን ያየችውም ለካ ሕፃናቱን ስትቆጥር ኖሯል።

አሽኒታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፤ ጥርጣሬዋ ግን ቶሎ የሚለቃት አልሆነም።

"ታዲያ ሕፃን ብለው ለምን አይጽፉም?"

"ጽፌ ነበራ! የመጀመሪያውን ይቀበለኛል፣ ሁለተኛውን 'ይህ ስም ተመዝግቧል' ብሎ ይመልስብኛል። የእናቱን ስም ብደግመውም ያው ነው። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ከአያቶቹ ቀድሜ እኔ ስም ላውጣለት?"

አንድ ስም ሁለቴ እንዳይገባ የከለከለችው አሽኒታ ራሷ ነች፤ ባዶው ግን ስም ስላልሆነ ያልፋል። በዚያ ሥራዋም ተመስግናበታለች።

"ለምን አልነገሩኝም?" አለች፤ ድምጿ ግን እንደቅድሙ አልነበረም።

"ነግሬሽ የለ እንዴ ልጄ! ያስተማርሽን ቀን፣ ስም ከሌለውስ ብዬ ጠየቅኩሽ። ስልክ ታወሪ ነበር። 'ባዶውን ይተዉትና ይለፉ' አልሽኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እተወዋለሁ፣ አልፋለሁ። ካፒቴኑም ለምዶታል፤ ባዶ ሲያይ ሕፃን እንዳለ ያውቃል።"

አሽኒታ ትዝ አላት። ስልኩም ትዝ አላት፤ ስለ እህቷ የሠርግ ልብስ ነበር የምታወራው።

ይህን ጊዜ ኤሮኒ የሚባለው ግዙፉ መርከበኛ በመርከቧ መሳፈሪያ ድልድይ ወርዶ መጣ። በእያንዳንዱ ክንዱ አንድ ትንሽ ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጃኬት አንጠልጥሏል፤ የአሻንጉሊት ልብስ ያክላል።

"እማማ፣ ካፒቴኑ ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ባዶ የለም አለኝ" አለ። "የሕፃናቱን ጃኬቶች ወደብ ላይ ወዳለው መጋዘን ልመልሳቸው?"

የጠዋቷ መስመር ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። ላኒዬታ ግራ ገብቷት ስክሪኑን ታያለች፤ አሁን አስገብቻቸው የለም እንዴ ትላለች ለራሷ።

"እንዳትመልሳቸው" አለች አሽኒታ። "ሁለት አሉ። ይዘህ ውጣ።"

ላኒዬታን አስነስታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። የጠዋቱን መስመር አጠፋችና ሁለቱን ባዶዎች መልሳ አስገባች። ከላይ የነበረው ቁጥር ዘጠና ስድስት ይል ነበር፤ ዘጠና ስምንት አለ። ለካፒቴኑ እንደገና ላከችለት።

ከዚያ ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። የጥፋቱ ዝርዝር በሚለው ሥር ስለ ዘመድና ስለ ትኬት የጻፈችውን ሁሉ ሰርዛ፣ ያልተጣራ ፕሮግራም፣ ያልተሰማ ጥያቄ ብላ ተካችው። ሚስተር ዴኦ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል ታውቀዋለች። የወሩ መጨረሻም ሩቅ አይደለም።

"ምንድነው እሱ?" አለች ላኒዬታ ከትከሻዋ በላይ።

"ምንም አይደል እማማ። ስም የሚል ቦታ ባዶ ቀርቶብኝ ነው" አለችና አሽኒታ የራሷን ስም ጻፈችበት።