ፈረስ የዘራው በቆሎ

የበቆሎው ሕግ ከመምጣቱ በፊት ኬንታኪ ውስጥ መሬት የሚያዘው በፋስ ነበር። ምንጭ ታገኛለህ፣ በዙሪያው ያሉትን ዛፎች ቅርፊት ትልጣለህ፣ የስምህን ፊደል ትቀርጽበታለህ፣ በቃ። ከአንተ ኋላ የመጣ ሰው ፊደሉን አይቶ ያልፋል፤ ማለፍ ካልፈለገም ባለፊደሉን ፈልጎ ከእሱ ጋር ይስማማል። ወረቀት የለውም፣ ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር። እኔ አይሻም ክራውች በሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስድስት፣ በረዶው እንደ ቀለጠ ከቨርጂኒያ ተራራውን ተሻግሬ አንድ ምንጭ ላይ ፊደሌን ቀረጽኩ። ከዚያ ምንጭ የሚበልጥ ውኃ እስከ ዛሬ አልጠጣሁም።

ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ ጅረቱ ከወንዙ በሚገናኝበት፣ ቶባያስ ሬንፍሮ ከሚስቱ ከኬዚያ ጋር መጥቶ ሰፈረ። እነሱ ይዘው የመጡት ዶማ ነው። እኔ ጎሽ ሳድን፣ ቆዳ ስፍቅ፣ እሱ በጉቶ መሃል ጎንበስ ብሎ በቆሎ ይተክላል። አንድ ቀን፣ ለመኮትኮትማ ቨርጂኒያ ምን አነሰህ አልኩት። ሳቀና መትከሉን ቀጠለ። ቶባያስ ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል።

በሰባ ዘጠኝ ሕጉ፣ ከምትገዛን ከቨርጂኒያ ዋና ከተማ፣ ከዊልያምስበርግ መጣ። ከሰባ ስምንት ጥር በፊት በቆሎ ያበቀለ ሰው አራት መቶ ኤከር ይሰጠዋል፣ በጎኑ ያለውንም ሺህ ኤከር ከማንም ቀድሞ መግዛት ይችላል። ዛፍ የላጠ ሰው ግን ምንም የለውም። እንዲህ ነው፤ ሰው ነፍሱን አስይዞ ያገኘውን አገር፣ እሳት ዳር የተቀመጡ ሰዎች በብዕር ይሸነሽኑታል። ከዚያ ቀደም አንድ ኩባንያ ከአገሬው ሰዎች፣ ከቼሮኪዎች ጋር ተዋውዬ አገሩን ገዝቻለሁ ብሎ ነበር፤ ያንንም ውል ቨርጂኒያ ሰረዘችው። ሌሎቹ የአገሬው ሰዎች፣ ሸዋኒዎች ደግሞ የምናድንበት መሬት ነው፣ ማንም አልጠየቀንም ይላሉ። ከሁላችንም በፊት በቆሎ የሚያውቁት እነሱ ናቸው ብሎ፣ የመሬቱን ክርክር ሊሰሙ በተላኩት ዳኞች ፊት የተናገረ ሰው አልሰማሁም። እኔም አልተናገርኩም፤ የራሴ ይበቃኝ ነበር።

ዳኞቹ ወደ ምሽጋችን የደረሱት ያ ክፉ ብርድ ከገባ በኋላ ነው። ከብቱ ቆሞ ይደርቃል፣ ዛፉ በሌሊት እንደ ጠመንጃ ይጮኻል። ሰው ሁሉ ምሽጉ ውስጥ ታጉሮ የራሱን በቆሎ ያወራል። ማን ስንት አገዳ እንዳየ፣ ማን ለማን እንደሚምል፣ ሌላ ወሬ የለም። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ከበር እስከ በር እመላለሳለሁ፣ ወጥቼ እገባለሁ፣ ገብቼ እወጣለሁ። ጄትሮ ማሎሪ የሚባል አፉ የማያርፍ ሰው፣ ባለፍኩ ቁጥር «ዛፍ ላጩ፣ ዛሬስ የማንን ጢም ልትላጭ ነው?» ይለኛል። የሚስቅለት አያጣም።

እነሱ ያላወቁት ግን እኔም በቆሎ ነበረኝ። በሰባ ሰባት መጋቢት ምንጩ ዳር ሰፍሬ ሳለ፣ ፈረሴ የመኖውን ስልቻ ቀዶ እህሉን ጭቃው ላይ በተነው። ረገምኩትና ወደ አደኔ ሄድኩ። ነሐሴ ላይ ተርቤ ስመለስ ከሰው ቁመት የበለጠ በቆሎ ቆሞ ጠበቀኝ። ኬዚያ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ ቡቃያውን አይታ አርማ ኮትኩታው ኖሯል። የዚያን ቀን እሷ፣ ቶባያስና እኔ እሸቱን ጠብሰን በላን። እንግዲህ በቆሎ በቆሎ ነው። በእኔ ምንጭ ዳር፣ ከእኔ ስልቻ የወጣ ዘር ነው። ሕጉም አበቀለ ይላል እንጂ በምን እጅ አይልም ብዬ ነገሩን በልቤ ጨረስኩት።

ቶባያስ በዚያው ዓመት በትኩሳት ሞተ። የዚያን ጊዜ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ተራራውን ተሻግረው ተመልሰዋል። ስለዚህ ለኬዚያ በቆሎ የሚመሰክር የቀረው እኔ ነኝ፣ ለእኔም እሷ። እሷ ረትታ እኔ ከተረታሁ ምንጬ ከጎኗ ካለው ሺህ ኤከር ውስጥ ይወድቃል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

ጉዳያችን ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው ምሽጉ ጥግ ወዳለችው ጎጆዋ ሄድኩ። እሳት ዳር ተቀምጣ የጎሽ ጠጉር ትፈትላለች። ነገ ስለ ባልሽ በቆሎ እመሰክርልሻለሁ፣ አንቺም ስለ እኔ በቆሎ ትመሰክሪያለሽ አልኳት። ክሩን ሳትለቅ ያየሁትን እናገራለሁ አለች። ተስማማች ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን ልል ነበር?

ችሎቱ የዋለው በአንድ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ነው። ዳኞቹ ከማጠፊያው የወለቀ በር በርሜል ላይ አጋድመው ጠረጴዛ አድርገውታል። የመሃሉ ዳኛ ጉንፋን ይዞት እግሩን በጋለ ድንጋይ ላይ ዘርግቷል። በመጀመሪያ የኬዚያ ጉዳይ ተጠራ። እጄን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ጭኜ ማልኩ፤ የቶባያስን በቆሎ በሰባ ስድስት ቆሞ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ። ወዲያው ተፈረደላት። ቀጥሎ የእኔ ተጠራና እሷ ማለች።

ዳኛው «ምንጩ ዳር በቆሎ ነበር?» አላት።

«ነበር ጌታዬ። ደህና በቆሎ ነበር።»

ልቤ ሞቅ አለ። ማሎሪን ዘወር ብዬ አየሁት።

«ማን ዘራው?»

ዓይኗን ወደ እኔ አነሣች፣ መልሳም መጽሐፉን አየች።

«ፈረሱ» አለች።

ጎጆው በሳቅ ተናጋ። ማሎሪ ከኋላ ሆኖ፣ ታዲያ ባለመሬቱ ገብቶ ይማል፣ ውጭ ታስሮ በብርድ አለቀ እኮ አለ። ዳኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከዚያ በቆሎውን ማን እንደ ኮተኮተው ጠየቃት። እኔ ነኝ አለች።

«ይህ ሰውዬስ ምን አደረገ?»

«በላ» አለች፣ ቀስ ብላ።

የእኔ ነገር ውድቅ ሆነ። ምንጩ ከመበለቲቱ አጠገብ ባለው መሬት ውስጥ ይታጠር ተባለ። እዚያ ከነበሩት ሁሉ ያልሳቀች እሷ ብቻ ነበረች፤ ያ ደግሞ ከሳቁ የባሰ አበሳጨኝ።

ውጭ ጠብቄ መንገዷን ዘጋሁባት።

«እኔ እኮ መሰከርኩልሽ።»

«እውነቱን ነው የመሰከርከው። እኔም እውነቱን።»

«አንዲት ቃል ነበረች፣ ኬዚያ። እሱ ዘራው ብትይ ምን ይጎድልብሽ ነበር?»

ሻርፗን አጥብቃ ሳበች። «አንተ ሰው፣ እጄን መጽሐፉ ላይ ጭኜ እንድዋሽልህ ፈለግህ። መሬቱን ብትለምነኝ እኮ እሰጥህ ነበር። አሁንም እሰጥሃለሁ። ሐሙስ ቀያሹ ይመጣል። ምንጩ ጋ ቁም፣ ከምንጩ ወዲያ ያለውን ለአንተ ያሰምርልሃል። ውኃውን አብረን እንቀዳለን።»

«የራሴን ምንጭ ልትመጸውቺኝ ነው?»

«ያንቺ ነው ያለኝ ሕጉ ነው እንጂ እኔ የእኔ ነው አላልኩም። ና ብዬሃለሁ፣ አይሻም። ቶባያስም ቢኖር ና ነበር የሚልህ።»

የቶባያስን ስም ባታነሣ ምናልባት እቆም ነበር። ያ ሰው ሞቶም የሳቀብኝ መሰለኝ። ጀርባዬን ሰጥቻት ሄድኩ።

ረቡዕ ዕቃዬን ጫንኩ። ወንዞቹ ሁሉ በረዶ ሆነው ስለ ነበር የሚያግደኝ አልነበረም፤ ወደ ምዕራብ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሰፍሬ ብዙ ቦታ ለቅቄአለሁ። የትም ሄጄ ጎጆዬን ጣራ ሳላለብሰው አንድ ሕግ ወይም የመሬት መለኪያ ሰንሰለቱን የሚጎትት አንድ ቀያሽ ይደርስብኛል።

ከዚያ አገር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ምንጩ እጠይቃለሁ። አንዱ፣ ሐሙስ ዕለት ኬዚያ ቀያሹን «አይሻም ይመጣል፣ ትንሽ ጠብቀው» እያለች እስከ ማታ ምንጩ ዳር አቆመችው አለኝ። ሌላው ደግሞ በማግስቱም አስጠብቃዋለች ይላል። እኔ አላምንም። ሰው ወሬ ይወዳል። በዚያ ብርድ የትኛው ቀያሽ ነው በአንዲት መበለት ቃል በረዶ ውስጥ ቆሞ የሚውል?