ለማንም አይከፈት

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ልጆቹ «አባባ ቁልፍ» ነበር የሚሏቸው፤ ቁልፍ ከወገባቸው ጠፍቶ ስለማያውቅ። ጎበዝ ዘበኛ ነበሩ። አንድ ዐመል ብቻ ነበረባቸው፤ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ከራሳቸው ትንሽ ሳይጨምሩ መፈጸም አይሆንላቸውም። ዳይሬክተሩ «ይህን ወንበር ቢሮዬ ያስገቡልኝ» ካላቸው ወንበሩን አስገብተው፣ የድሮውን አውጥተው፣ ጠረጴዛውንም «ፀሐይ ዐይንዎን እንዳይወጋዎት» ብለው አዙረውት ይሄዳሉ። በሩን ሁለት ሰዓት ላይ ዝጉ ሲባሉም ይዘጋሉ፤ ግን ልጅ እያለከለከ ሲመጣ ካዩ ቀስ ብለው ከፈት ያደርጋሉ። በዚህ የተነሣ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ጡረታቸው ስምንት ወር ነው የቀረው፤ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ማለት ደግሞ ስንብት ነው፣ ያለ ጡረታ፣ ባዶ እጅ።

በዚህ መሀል የኮምፒውተር መምህርቷ መጣች። መምህርቷ መጣች እንጂ ኮምፒውተሮቹ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። «በሚቀጥለው ሳምንት» ሲባል መንፈቅ አለፈ። ክፍሉ ተቀብቷል፣ ጠረጴዛው ተደርድሯል፣ ሶኬቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ደመወዙን እየበላ ዝም ይል ነበር። እሷ ግን ጠመኔዋን ይዛ ሦስተኛ ክፍሎችን ወደ ግቢ አወጣችና ሲሚንቶው ላይ ሳጥን በሳጥን አሰመረች። «ኮምፒውተር ማለት የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ዕቃ ነው» አለቻቸው። «ማዘዝ ከቻላችሁ ግማሹን ተማራችሁ ማለት ነው። አሁን የሚታዘዝልን ሮቦት ያስፈልገናል።»

ሠላሳ ሁለት ጣት ወደ በሩ ተቀሰረ።

አባባ ቁልፍ መጀመሪያ አፈር አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ሮቦት ያደርገኛል» አሉ። ግን ልጅ ሲለምናቸው እምቢ ማለት አያውቁበትም፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ቆሙ። ልጆቹ ትእዛዙን በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፉ በተራ ደረደሩላቸው። ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ አራት እርምጃ ወደፊት፣ ባልዲውን አንሣ። አባባ ቁልፍ ሦስት ተራመዱ፣ ዞሩ፣ ሁለት ተራመዱና ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር ቢያገኙ በጎን አልፈውት ባልዲውን አነሡ።

«አባባ፣ እንደዚህ አልተባባልንም» አለች መምህርቷ። «ሮቦት ከራሱ አይጨምርም።»

«ታዲያ ወንበሩ ላይ ልጋጭልሽ?»

«ይጋጩ። ሲጋጩ ነው ልጆቹ ስህተታቸውን የሚያዩት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ትእዛዙን የጻፈው ሰው ነው። እሱ ያርመዋል።»

አባባ ቁልፍ እዚያው ቆመው አሰቡበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሰበረው ሁሉ፣ የጠፋው ሁሉ፣ የዘገየው ሁሉ በእሳቸው ሲላከክ ነው የኖረው። ጥፋት ትእዛዝ ውስጥም ሊኖር ይችላል ያላቸው ሰው አልነበረም። ደስ አላቸው። ተመልሰው ከመጀመሪያው ሳጥን ተነሡና ወንበሩን በጉልበታቸው ገጩት። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ ሳቁ ሲወጣላቸው ቁጭ ብለው ካርቶኑን አስተካከሉ።

ቤት ሲገቡ ወሬውን ለባለቤታቸው አደረሱ። «ለካ እስከ ዛሬ የጎዳኝ ማሰቤ ነው» አሏት።

«ያን ሽንኩርት ክተፍልኝ» አለቻቸው እሷ።

«ስንት ራስ? ምን ያህል ላድቅቀው? ስጨርስ ቢላዋውን የት ላስቀምጥ?»

ባለቤታቸው ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ነገ ለዚያች መምህርት ንገራት» አለች። «የወሰደችውን ሰውዬ ትመልስልኝ።»

ሐሙስ ዕለት ጉድ ፈላ። የዕለቱ ትምህርት አንድን ሥራ ማስደጋገም ነበር። የልጆቹ ካርቶን «ባልዲውን ሙላ፣ አበባው ላይ ድፋ፣ ድገም» ይላል። አባባ ቁልፍ ሞሉ፣ ደፉ፣ ደገሙ። አራተኛው ባልዲ ላይ ደወል ተደወለና ልጆቹ ግር ብለው ክፍል ገቡ፤ መምህርቷም ስልክ መጣባትና ወጣች። አቁም ያለ ሰው የለም። አባባ ቁልፍ በዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ያሉትን አበባዎች አዩ፤ አበባዎቹ ከጠገቡ ቆይተዋል። እጃቸው ሊቆም ፈልጎ ነበር፤ «ከራስህ አትጨምር» ብለው ተቆጡትና ቀጠሉ። ሃያ ምናምነኛው ባልዲ ላይ ውሃው የዳይሬክተሩን ቢሮ ደፍ ተሻግሮ ገባ።

ዳይሬክተሩ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። «ሰውዬ፣ እርስዎ ጭንቅላት የለዎትም እንዴ?» አለ።

«ነበረኝ ጌታዬ። ለትምህርቱ ብዬ ነው የተውኩት።»

ዳይሬክተሩ ተመልሶ ገብቶ ጻፈ፣ ማኅተም መታ፣ ወጣ። «ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፤ የቀረው ቀን መሙላት ነው። ይቺን ደግሞ በሩ ላይ ይለጥፉ። ከእንግዲህ እንደ ወረቀቷ።» ወረቀቷ «ከሁለት ሰዓት በኋላ በሩ ለማንም አይከፈት። ዘበኛው ከራሱ ምንም አይጨምር» ትላለች።

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ሚጢጢ መጣች። ሚጢጢ ከሦስተኛ ክፍል በቁመት የመጨረሻዋ፣ ትእዛዝ በመጻፍ ግን የመጀመሪያዋ ናት። በየቀኑ ታናሽ ወንድሟን ሕፃናት ማቆያ አድርሳ ነው የምትመጣው። ማቆያው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እናቷ ደግሞ ሳይነጋ ነው ዳቦ ቤት ሥራ የምትገባው። አባባ ቁልፍ ይህን ድሮም ያውቃሉ፤ ሲከፍቱላት የኖሩትም ለዚሁ ነው።

ሚጢጢ ወረቀቱን አነበበችና በበሩ ብረት መሀል ቀና ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ ማንም ከሚለው ውስጥ እኔም አለሁበት?»

«አለሽበት ልጄ።»

«እሺ» አለችና ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። አልለመነችም፣ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር። እጃቸው ሦስት ጊዜ ወደ ቁልፉ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ቀን መሙላት ብቻ የቀራት የዳይሬክተሩ ወረቀት ትዝ አለቻቸው፤ ባለቤታቸው ትዝ አለቻቸው። ትምህርት እስኪያልቅ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ዋሉ። ማክሰኞም እንደዚያው። መምህርቷ ዳይሬክተሩን ብትለምነው «ሥርዓት ሥርዓት ነው» ብሎ መለሳት፤ እሷም በእረፍት ሰዓት ትምህርቱን ለሚጢጢ በብረቱ መሀል ትነግራት ጀመር።

ረቡዕ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ሊመጡ ነው፤ ኮምፒውተር የሌለው የኮምፒውተር ትምህርት ምን እንደሚመስል ሊያዩ። ዳይሬክተሩ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ በመኪናው ሊያመጣቸው ሄደ። መንገድ ተዘጋጋባቸውና በሩ ላይ ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ሆነ።

ዳይሬክተሩ ክላክሱን አስጮኸ። አባባ ቁልፍ ከብረቱ ወዲያ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ይክፈቱ እንጂ» አለ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።

«አይቻልም ጌታዬ።»

«እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ፤ ደህና አደሩ?» አሉና ወረቀቱን በጣታቸው አሳዩት። «ለማንም አይከፈት ይላል።»

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«የጻፈው ሰው ይግባ አይልም። ልጨምርበት ብዬ ነበር፤ አይጨምር ይላል።»

አባባ ቁልፍ እየቀለዱ እንዳይመስላችሁ። ቢከፍቱ ትእዛዝ ጣሱ፣ ባይከፍቱ አለቃቸውን በእንግዳ ፊት አዋረዱ፤ በየትም በኩል ስምንቱ ወር አበቃለት። ስለዚህ የመምህርቷን ቃል አጥብቀው ያዙ። ጥፋቱ ትእዛዙ ውስጥ ካለ የጻፈው ያርመው።

ዳይሬክተሩ ፊቱ ቀልቶ ከመኪናው ወረደ። ተቆጣጣሪዋም ተከትለው ወረዱና ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አዩ። «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት።

«ትእዛዙ እስኪታረም ነው» አለች ሚጢጢ።

ሦስተኛ ክፍሎች ከነመምህርታቸው ግቢው ውስጥ ነበሩና ክላክሱን ሰምተው በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ተቆጣጣሪዋ «ምንድን ነው ነገሩ?» ሲሉ ሠላሳ አንድ አፍ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ከጫጫታው መሀል ለጆሮ የደረሰው፣ ሮቦቱ ደህና እንደሆነ፣ የተበላሸው ትእዛዙ እንደሆነና «በስተቀር» የሚል ቃል እንደጎደለው ነው።

ተቆጣጣሪዋ ሳቃቸውን ዋጡ። «እንግዲህ ይታረማ» ብለው ለዳይሬክተሩ እስኪርቢቶ አቀበሉት።

አባባ ቁልፍ ወረቀቱን አንሥተው በብረቱ መሀል ሰጡት። ዳይሬክተሩም የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ «ከዳይሬክተሩ በስተቀር» ብሎ ጨመረበት።

«እኔስ? እዚሁ ልዋል?» አሉ ተቆጣጣሪዋ። «ከእንግዶቹም» ብሎ ጻፈ።

«ልጅ ወድቆ ሐኪም ቢጠራስ?» አለ አንዱ ከውስጥ። ጻፈ።

«እሳት ቢነሣስ?» አለች ሌላዋ። ጻፈ።

«አያቴ የረሳሁትን መነጽር ይዛልኝ ብትመጣስ?»

ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ። ወረቀቱ ሊሞላ ነው።

ሚጢጢ ከድንጋዩ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። «ጋሼ፣ ሁሉንም ልዘርዝር ካሉ አያልቅም» አለችው። «ጥያቄ ነው የሚሻለው። እንዲህ ይጻፉ፦ ለምን አረፈድክ ብለህ ጠይቅ፤ ምክንያቱ በቂ ከሆነ ክፈት፣ ካልሆነ አትክፈት። በቃ፣ ሁለት መስመር ነው።»

«በቂ መሆኑን ማን ይወስናል?»

«በሩ ላይ ያሉት ናቸዋ። አባባ እኮ የእውነት ሮቦት አይደሉም።»

ዳይሬክተሩ ልጅቷን ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጎ ያያት። «አንቺ ለምንድን ነው የምታረፍጂው?» አላት። ማቆያውንም፣ እናቷንም፣ ዳቦ ቤቱንም ነገረችው። እዚህ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ሦስተኛ ቀኗ መሆኑንም ጨመረችለት። የተቆጣጣሪዋ ሳቅ ጠፋ። ዳይሬክተሩ አፈረ፤ የምሩን ነው፣ እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ። የጻፈውን ሁሉ ሰርዞ ሁለቱን መስመር ጻፈ፣ ፈረመ፣ በብረቱ መሀል መለሰው።

አባባ ቁልፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ዘበኛው ምክንያቱን ጠይቆ፣ አስቦ ይወስን» ይላል። «አስቦ» የምትለዋን ለብቻዋ ሌላ ጊዜ አነበቧት፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ትንሹን በር ከፈቱ። «ያንቺን አውቀዋለሁ፣ ግቢ» አሏት ሚጢጢን፤ ሮጣ ገባች። «እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይግቡ» አሏቸው ተቆጣጣሪዋን። ዳይሬክተሩ ሊከተል እግሩን ሲያነሣ ቁልፍ የያዘ እጅ ከፊቱ ተዘረጋ።

«እርስዎስ ጌታዬ፣ ለምን አረፈዱ?»

«መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሠላሳ ሁለት ልጅ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

አባባ ቁልፍ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አሰቡ። ሳይቸኩሉ፣ እንደ ድሮው አሰቡ። እሳቸው ሲያስቡ ዳይሬክተሩ እጁን ኪሱ ከተተና ቀን ያልተሞላባትን ያቺን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ለሁለት ቀደዳት።

«በቂ ነው፣ ይግቡ» አሉት። ሲያልፍም የሱፉን ትከሻ አቧራ አራገፉለት፤ ይህቺን እንኳ ከራሳቸው ነው የጨመሯት።